«ደህና ነኝ» የሚለው ተረኛ

ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህ ንግግር የተሰጠኝ ሰዓት ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አዘጋጆቹ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት እንጃ፤ ስለ እንቅልፍ ለሚናገር ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። ከመካከላችሁ ዐይኑ ከበድ ያለው ካለ ምሳውን ብቻ አይክሰስ፤ ምሳ ያልበላም ሰው በዚህ ሰዓት ይፈዝዛል። የሰው ንቃት በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ቀለል ያለው አሁን ነው። ከባዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። እናንተ አሁን ብታንጎላጁ የሚከፋኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያኛው ሰዓት ግን አንዱ አውሮፕላን እያሳረፈ፣ አንዷ ለጨቅላ ሕፃን መድኃኒት እየመጠነች፣ ሌላው የኬሚካል ማማ ግፊት የሚያሳይ ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

አብዛኞቻችሁ የፈረቃ ድልድል የምታወጡ፣ የምታጸድቁ ወይም በዚያ ድልድል የምታድሩ መሆናችሁ ተነግሮኛል። ስለዚህ «በቂ እንቅልፍ ተኙ» የሚለውን ምክር ትቼዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሚያንገበግባችሁም አለማወቃችሁ ሳይሆን አለመቻላችሁ ነው። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ለማሳመን ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀድሞ የሚጎድልበት፣ መጉደሉንም የማያውቅበት ነገር፣ ስለ ራሱ የሚሰጠው ዳኝነት ነው። ይህ እውነት ከሆነ «መሥራት ትችላለህ ወይ?» ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የደከመውን ሰው መጠየቅ ከንቱ ነው። ጥያቄው ከሳምንታት በፊት፣ ድልድሉ ሲወጣ፣ ተኝቶ ባደረ ሰው መመለስ ነበረበት።

በአንድ ሽቦ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1988 ጠዋት፣ ለንደን ውስጥ ክላፋም ጃንክሽን አቅራቢያ፣ ሰው የሞላ ባቡር ከፊቱ የቆመውን ባቡር ከኋላው ገጨው። 35 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 500 የሚጠጉ ቆሰሉ። ቀይ መሆን የነበረበት ሲግናል ቀይ አልሆነም ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው አንድ አሮጌ ሽቦ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሲግናሉ መስመር ሲታደስ፣ ቴክኒሻኑ አሮጌውን ሽቦ በአንደኛው ጫፍ ነቅሎት ነበር፤ ግን አልቆረጠውም፣ አልሸፈነውም። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ጨርሶ አልነቀለውም። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦው ተነካክቶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰና ኤሌክትሪክ አስተላለፈ።

በአንቶኒ ሂደን የተመራው ምርመራ ያንን ሰው ሰነፍ ወይም ግዴለሽ አላለውም። ልምድ ያለው፣ ሥራውን የሚያከብር ሠራተኛ ነበር። ያረፈው ግን በ13 ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነው። ምርመራው ድካምን ብቻ ሰበብ አድርጎ አላለፈም፤ የአሠራር ልማዱን ለዓመታት ያረመው አለቃ አለመኖሩን፣ ከሥራው በኋላ ሽቦዎቹን ቆጥሮ ያረጋገጠ ሰው አለመኖሩን በስፋት ጽፏል። ከዚያ አደጋ በኋላ በብሪታንያ ባቡር መንገድ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነ ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ ከ12 ሰዓት፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሁለት ፈረቃ መካከል 12 ሰዓት እንዲያርፍ፣ ከ14 ቀን ውስጥም ከ13 ፈረቃ በላይ እንዳይገባ የሚል ገደብ ወጣ። በሳምንት 72 ሰዓት ዛሬ ሲሰማ ያስደነግጣል። ገደብ ተብሎ የተጻፈው እሱ ከሆነ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን መገመት ነው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ስለ ድካም ስናስብ የሚመጣልን ሥዕል የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ደካማ ሠራተኛ ሲባል ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይታየናል። እንዲህ ያለው እምብዛም አያስፈራኝም፤ ይታያላ! የሚያስፈራው ዐይኑ ተከፍቶ፣ እጁ እየሠራ፣ ከአሥሩ ተግባር ዘጠኙን በትክክል ፈጽሞ አሥረኛውን የሚዘለው ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስሕተት ከመሥራቱ ይልቅ መሥራት ያለበትን መተዉ ይበዛል። የተተወ ነገር ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል።

ለመሆኑ ሌሊት ሰውን እንዲህ የሚያደርገው ምንድን ነው? ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረቡት ማብራሪያ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው። አንጎል ሲሠራ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተከማቸ ይሄዳል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ከአንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዐይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ያለ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ የሰውነትን ሙቀት፣ ሆርሞንና ንቃት በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ትናንት ተኝተህ ይሁን አይሁን ደንታ የለውም። ከሁሉ በላይ የሚታዘዘው ለብርሃን ነው።

ቀን ላይ እነዚህ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ግፊቱ ሲጨምር የሰውነት ሰዓት «ንቃ» እያለ ይገፋል፣ እስከ ምሽት ያደርሰናል። ሌሊት ግን ሁለቱም በአንድ ወገን ይሰለፉብናል። የመጀመሪያ አዳሩን የሚገባ ሠራተኛ አስቡ። እንደ ልማዱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቷል፤ ቀኑን ከቤተሰቡ ጋር ውሎ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ከነቃ 21 ሰዓት ሞልቶታል፤ የሰውነት ሰዓቱም ከታች ወለሉ ላይ ነው። የአለቃው መዝገብ ላይ ግን የሚታየው «ከጀመረ ስድስት ሰዓት» የሚል ብቻ ነው። የሥራ ሰዓት እንቆጥራለን፤ የነቃበትን ሰዓት የሚቆጥር መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1997 ዶሰንና ሪድ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ከመጠጥ ጋር አመሳክረው ለኩት። ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በሙከራው ያሳየው ብቃት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆነ። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ተጠጋ። በብዙ አገሮች 0.05 በመቶ መኪና መንዳት የሚከለከልበት ልክ ነው። የጠጣ ሰው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ቢመጣ ዘበኛው በር ላይ ይመልሰዋል። 21 ሰዓት የነቃውን ግን «በርታ» ብለን እናስገባዋለን።

ከመጀመሪያው አዳር በኋላ ያለው ችግር መልኩን ይለውጣል። ሠራተኛው ጠዋት ሲወጣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፋለች፤ የሰውነት ሰዓቱ ነግቷል ብሎ ይመዘግባል። ድካሙ ያስተኛዋል፣ ግን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት እንደ ተኛ ከእንቅልፉ ይነቃል። ልጆች ጮኹ፣ ስልክ ጠራ ብለን ምክንያት እንደረድራለን። ጸጥ ባለና በጨለመ ክፍል ውስጥ የተኛም ቢሆን የቀን እንቅልፉ ያጥራል፤ የሚቀሰቅሰው ከውስጡ ነው። «ይለመዳል» የሚሉ የቆዩ ሠራተኞች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አላምናቸውም። ሜላቶኒን የተባለው የሌሊት ሆርሞን በዘወትር የሌሊት ሠራተኞች ላይ ሲለካ፣ የሰውነት ሰዓታቸው ሙሉ በሙሉ የዞረላቸው እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። በዕረፍት ቀናቸው ከሰው ጋር ለመዋል ወደ ቀን ኑሮ ይመለሳሉና የተጀመረው መዞር ይፈርሳል። የሚለመደው ሌላ ነገር ነው፤ የድካሙ ስሜት ይለመዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2003 ቫን ዶንገን፣ ዲንጅስና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱትን ጥናት ደጋግሜ አነባለሁ። 48 ጤነኛ ሰዎችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስገቡ። ከፊሎቹ በየሌሊቱ አራት ሰዓት፣ ከፊሎቹ ስድስት፣ ከፊሎቹ ስምንት ሰዓት ለ14 ቀናት እንዲተኙ ተደረገ። ሌላ ቡድን ደግሞ ለሦስት ቀን ጨርሶ ሳይተኛ ቆየ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ስክሪን ላይ ምልክት ሲወጣ ቁልፍ መጫን፣ ለአሥር ደቂቃ። ብልህነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እዚያ መገኘትን ነው። ከግማሽ ሰከንድ በላይ የዘገየ ምላሽ እንደ መቅረት ይቆጠራል።

ስድስት ሰዓት የሚተኙት ሰዎች መቅረታቸው ከቀን ወደ ቀን ጨመረ፤ አልቆመም። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ አንድ ሙሉ ሌሊት ዐይኑን ሳይከድን ያደረ ሰው ከሚያሳየው ጋር እኩል ደረሱ። አራት ሰዓት የሚተኙት ደግሞ ሁለት ሌሊት ያልተኛውን ሰው መሰሉ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ሌላ ነው። በየዕለቱ «ምን ያህል እንቅልፍ ይሰማሃል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ጨመር አድርገው መለሱ፤ ከዚያ መልሳቸው ጠፍጣፋ ሆነ። ብቃታቸው ቁልቁል እየወረደ ስሜታቸው «እንደ ትናንቱ ነኝ» ይላቸው ነበር። ዋሽተው አይደለም። ራሳቸውን የሚያወዳድሩት ከትናንት ጋር ነው፤ ትናንትም ደክሟቸው ነበር።

እንግዲህ የኛን የየዕለት አሠራር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ርክክብ ላይ «ደህና ነህ?» እንላለን፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ይፈርማል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የድካም መቆጣጠሪያ ይኸው ነው። የግፊት መለኪያው መሣሪያ ተበላሽቶ ንባቡ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቆመ ብናውቅ ማን በዚያ ንባብ ላይ ፊርማውን ያኖራል?

መቅረት ያልነው ነገር እየከፋ ሲሄድ ጥቃቅን ሸለብታ ይሆናል። ከአንድ ሰከንድ እስከ አሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ የሚቆይ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የማያስታውሰው እንቅልፍ ነው። ዐይን ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአራት ሰከንድ ውስጥ ከ110 ሜትር በላይ ያለ ነጂ ይሄዳል። የባቡር ነጂ መንቃቱን ለማረጋገጥ በየጊዜው የሚጫነው ፔዳል ወይም ቁልፍ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ልምድ ያለው እግር ጭንቅላቱ ሳያዝዘው ሊጫነው መቻሉ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው፤ አሳብን መለወጥ አለመቻል። የደከመ ሰው የለመደውን ነገር እየደጋገመ ሊሠራ ይችላል። የማይችለው «አይ፣ ይህ ነገር እንዳሰብኩት አይደለም» ብሎ መመለስን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው ፍንዳታ 15 ሰዎችን ገድሎ 180 አቁስሏል። አንድ የማጣሪያ ማማ ከጥገና በኋላ እየተነሣ ነበር። ለሦስት ሰዓት ያህል ፈሳሽ ወደ ማማው ሲገባ ምንም አልወጣም። የገባውና የወጣው መጠን በተለያዩ ስክሪኖች ላይ ይታይ ነበር፤ የከፍታ መለኪያው ደግሞ የተሳሳተ ንባብ እየሰጠ ነበር። ነገሩን ያጣራው የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ እንደ ጻፈው ኦፕሬተሮቹ ለ29 ቀናትና ከዚያ በላይ በተከታታይ፣ በየቀኑ 12 ሰዓት ሠርተዋል። ፍንዳታው የደረሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ሌሊት አልነበረም። ድካም ጨለማን አይጠብቅም፤ የተጠራቀመ ዕዳ ካለ ቀትርም ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ የዩክሬኗ የኒውክሌር ጣቢያ ቼርኖቤል መጠቀሷ አይቀርም፤ አደጋው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ ስለ ደረሰ። በአሜሪካው የኒውክሌር ጣቢያ በሥሪ ማይል አይላንድ የደረሰውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። እኔ እነዚህን ለዚህ ጉዳይ ምስክር አድርጌ ማቅረብ አልወድም። የቼርኖቤል የኒውክሌር ማብላያ የንድፍ ጉድለት ነበረበት፤ ሙከራውም በትክክል አልተዘጋጀም። ሰዓቱ አንድ ነገር ይጠቁማል፣ ያን ያህል ግን አያስረዳም። ሁሉን አደጋ በእንቅልፍ ብናመካኝ የሚያምነን ሰው እናጣለን።

ምስክርነቱ ጠንካራ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ አውሮፕላን በሕንድ ማንጋሎር ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ሲያርፍ ከመንደርደሪያው አልፎ ገደል ገባ። ከ166 ሰዎች 158 ሞቱ። የድምፅ መቅጃው ላይ የተገኘው የዋና አብራሪው ማንኮራፋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሚሆነው ቅጂ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተኝተዋል። ልብ በሉ፣ ሲያርፍ ተኝተው አልነበረም፤ ነቅተው መሪውን ይዘዋል። አውሮፕላኑ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ሲመጣ ረዳት አብራሪው ሦስት ጊዜ «እንመለስ» አሏቸው። አልተመለሱም። ጎማው መሬት የነካው ከመንደርደሪያው ግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ከከባድ እንቅልፍ የተነሣ ሰው አንጎሉ ወዲያው አይመለስም፤ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ድንግዝግዝ ውስጥ ይቆያል። መርማሪዎቹም ይህንኑ ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ አንዱ አድርገው አስቀመጡት።

ከዚህ በመነሣት «በሥራ ላይ መተኛት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ አለቃ ይኖራል። ስሕተት ነው። ችግሩ እንቅልፉ ሳይሆን ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚተኛበት ጊዜ፣ ርዝመቱ፣ ከነቃ በኋላ ሥራ ሳይነካ የሚቆይበት ደቂቃ አልተወሰነም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ ያደረገው ጥናት ረጅም በረራ ላይ ላሉ አብራሪዎች በተራ የ40 ደቂቃ ዕረፍት ሰጠ። በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ። ዕረፍት ያልተሰጣቸው ጓደኞቻቸው ሊያርፉ ሲሉ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሳይቀር ሸለብታ ተመዝግቦባቸዋል፤ የተኙት ግን ነቅተው አሳረፉ። አጭር፣ የታቀደ፣ ሌላ ሰው ቦታውን ይዞ የሚተኛ እንቅልፍ ከምናውቃቸው መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ነው።

ታዲያ ለምን አናደርገውም? ስለምናፍር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ቢጠሩ የሚመልስ አጥተው በራሳቸው አረፉ። ማማው ላይ የነበረው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር፤ ተኝቷል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚቆየውን ፈረቃ ሲገባ አራተኛ ተከታታይ ሌሊቱ ነበር። ሰውየው ከሥራ ታገደ። በጎ ለውጥም መጣ፤ ሌሊት ሁለተኛ ሰው እንዲመደብ፣ በፈረቃዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ዕረፍትም ከስምንት ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያድግ ተደረገ። ባለሙያዎች የታቀደ አጭር እንቅልፍ ይፈቀድ ሲሉ ግን የጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር ሬይ ላሁድ ለመተኛት ደመወዝ አይከፈልም ብለው ዘጉት። ለጋዜጣ የሚጥም መልስ ነው። እኔ ግን በዚያ ሌሊት በአየር ላይ ብሆን ኖሮ ሁለት ተቆጣጣሪዎች በተራ እየተኙ አንዱ ሁልጊዜ ንቁ ቢሆንልኝ እመርጥ ነበር።

አራተኛ ሌሊት ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ፎካርድና ታከር እ.ኤ.አ. በ2003 የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ የጉዳት አደጋ ከመጀመሪያው ሌሊት ጋር ሲነጻጸር በሁለተኛው 6 በመቶ፣ በሦስተኛው 17 በመቶ፣ በአራተኛው 36 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ሰባት ሌሊት በአንድ ጊዜ ጨርሶ መገላገል የሚወድ ሠራተኛ ብዙ ነው። አውቃለሁ፤ ረጅም የዕረፍት ቀናት ይሰጣል፣ የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል፣ ትርፍ ሰዓትም ኪስ ይሞላል። ሠራተኛው ወደደው ማለት ግን አደጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። ድልድል አውጪው «እነሱው ጠይቀውኝ» ብሎ ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም።

ሆስፒታልን ሳላነሣ ብወርድ ከሐኪሞቹ ወንበር በኩል ያሉት አይለቁኝም። ላንድሪጋንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች በነባሩ ረጅም የአዳር ድልድል ላይ ሳሉ፣ አጠር ባለው ድልድል ላይ ካሉበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ የሕክምና ስሕተት እንደ ሠሩ አሳየ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገሩ ግን ቀጠለ። እኚሁ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ያሳተሙት ሌላ ጥናት ተቃራኒውን አመጣ፤ ሰዓታቸው ያጠረው ሐኪሞች የባሰ ስሕተት ሠሩ። ዝርዝሩ ሲታይ፣ ሰዓቱ ሲቀነስ ሰው ስላልተጨመረ ለአንድ ሐኪም የሚደርሰው የታካሚ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ይህ ታስቦ ሲሰላ ልዩነቱ ጠፋ። «ሰዓት መቀነስ አይሠራም፤ ርክክቡ በዛ» የሚሉ ሰዎች ይህንን ጥናት ያውለበልቡታል። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ድካምን ቀንሰህ ጫናን ብትጨምር ያው ነህ። ያለ ተጨማሪ ሰው የሚወጣ የሰዓት ገደብ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው።

ከሥራ መውጫውም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ 16 የሌሊት ሠራተኞችን እውነተኛ መኪና በዝግ መንገድ ላይ አስነዳቸው፤ አንዴ ተኝተው ካደሩ በኋላ፣ አንዴ ከአዳር እንደ ወጡ። ተኝተው ባደሩበት ቀን አንድም ለግጭት የቀረበ አጋጣሚ አልነበረም። ከአዳር በወጡበት ቀን ስድስቱ ለግጭት ተቃርበው ነበር፤ ሰባቱ ደግሞ ለደኅንነታቸው ሲባል መንዳቱን ሳይጨርሱ አስቆሟቸው። ድርጅቶች የሥራ ላይ አደጋ ቁጥራቸውን በር ላይ ለጥፈው ይኮራሉ። ከበሩ ወጥቶ በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሞተው ሠራተኛ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

እንግዲህ ድልድል አውጪዎች ምን ታድርጉ? ሁሉን አልዘረዝርም፤ የማምንባቸውን ልናገር። ፈረቃ የምታዞሩ ከሆነ ወደ ፊት አዙሩ፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት። የሰው የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ማዘግየት ከማስቀደም ይቀለዋል። ቸዝለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 በዩታ በሚገኝ የማዕድን ፋብሪካ ይህንኑ ሞክረው የሠራተኛው ጤና፣ እርካታና ምርት ሁሉ ተሻሽሎ አግኝተውታል። ተከታታይ ሌሊቶችን ከሦስት አታሳልፉ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣን ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት አትጥሩ፤ ይህ እንደ ዕረፍት ቀን የሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ አስቂኝ ሒሳብ ነው። መጠበቅ የሚችል ከባድ ሥራን፣ ለምሳሌ ማሽን ማስነሣትን ወይም የማይደጋገም ጥገናን፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ካለው ጊዜ አውጡ። የማይወጣ ከሆነ ሁለተኛ ሰው በገለልተኝነት ያረጋግጠው፤ እሱም ቢሆን በዚያው ሰዓት እንደ ደከመው አትርሱ።

ቡና? ይሠራል፤ አልክድም። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ይዘጋል። ግን ዕዳውን አይከፍልም፤ አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ጆሮን መድፈን ነው። ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣው ጠዋት ከሠራተኛው ጋር አልጋ ይገባል። በፈረቃው መጀመሪያ ይጠጣ። መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ፣ ፊት መታጠብ ለጥቂት ደቂቃ የሚሆን ነገር ነው፤ በእነሱ ላይ ፈረቃ አይገነባም።

አንድ ነገር ደግሞ ከድልድል ውጪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የተሳፋሪ ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሊታጠፍ በሚገባው መታጠፊያ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ነጂው ጥፋት ፈልጎ አይደለም፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ከባድ ሕመም ነበረበት፣ ማንም አልመረመረውም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም ከከሰዓት ወደ ማለዳ ፈረቃ ተዛውሮ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛም አላረፈም። የሚያንኮራፋ፣ ቀን የሚያንጎላጅ ሠራተኛ ካላችሁ ከመቅጣታችሁ በፊት ወደ ሐኪም ላኩት። ሥራውን እንደማያጣ ካላረጋገጣችሁለት ግን አይነግራችሁም፤ እኔም ብሆን አልነግራችሁ።

የአደጋ ሪፖርት ቅጻችሁ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ከነቃ ስንት ሰዓት ሆነው፣ ይህ ስንተኛ ተከታታይ ፈረቃው ነው። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ቅጾች «የሠራተኛው ቸልተኝነት» የሚል ሳጥን አላቸው፤ ምልክት አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ቸልተኝነት የተባለው ስንቱ እንቅልፍ እንደ ነበር እስካሁን ማወቅ ያልቻልነው ስላልጠየቅን ነው።

በወረቀት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን መልሼ እወርዳለሁ። «ተረካቢው ቢቀርስ?» ይላል፤ ጸሐፊዋ የሌሊት ነርስ መሆኗን ጨምራለች። እውነተኛው ችግር ይኸው ነው። ተረካቢ ሲቀር 12 ሰዓት የሠራች ሴት 18 ሰዓት ትሠራለች፤ በሽተኛ ጥላ መሄድ አትችልም፣ «ደክሞኛል» ብትል ሰነፍ ትባላለች። ውሳኔው የእሷ መሆን የለበትም። ተጠባባቂ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት በድልድሉ ላይ ይጻፍ፤ ከስሙ አጠገብ በየትኛውም ሰዓት የሚነሣ ስልክ ይኑር። ተጠባባቂውም ከቀረ ማን እንደሚጠራ፣ የትኛው ሥራ እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚቀጥል፣ ይህንንም የሚወስነው ኃላፊ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። ኃላፊው ቤቱ የተኛ ሰው ይሁን፤ ተቀስቅሶ ይወስን። በግድ የቆየችው ሴትም መኪናዋን እዚያው ትታ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ትሸኝ፤ የሚቀጥለው ፈረቃዋም በዚያው ልክ ይገፋ።